ከአልጋው ጎን ወደ ዕቅዱ ጠረጴዛ፦ የጄሮንቶሎጂ ማስተርስ የሥራ በር የሚከፍተው እንዴት ነው?

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ባሉ ብዙ ነርሲንግ ሆሞች ሌሊት በኮሪደሩ ያለፈ ሰው አማርኛ መስማቱ አይቀርም። አረጋውያኑን የሚያጥቡት፣ የሚያለብሱት፣ የሚያጎርሱት፣ ሲጨነቁ እጃቸውን ይዘው የሚያረጋጓቸው የእኛ እህቶችና ወንድሞች ናቸው። ሲነጋ ግን ስለ እነዚሁ አረጋውያን ውሳኔ በሚሰጥበት ስብሰባ ላይ ከእኛ ወገን የሚገኘው ጥቂት ነው። ብዙዎቻችን ከአገር ቤት ዲግሪ ይዘን መጥተን ሳለ ነገሩ እንዲህ መሆኑ ያንገበግበኛል። ወደዚያ ጠረጴዛ ከሚያደርሱት መንገዶች አንዱ የጄሮንቶሎጂ፣ ማለትም የእርጅና ጥናት፣ ማስተርስ ነው። እኔም ከማመልከቻው እስከ መጀመሪያው ሥራ ድረስ እንደማውቀው እጽፍላችኋለሁ።

እኔ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሶሲዮሎጂ ተምሬ በዲቪ ሜሪላንድ የገባሁ ሴት ነኝ። መጀመሪያ የያዝኩት ሥራ፣ እንደ ብዙዎቻችን፣ የነርስ ረዳትነት ነው፤ በሌሎች ስቴቶች ሲኤንኤ የሚባለው ሜሪላንድ ነርሲንግ ሆም ውስጥ ሲሆን ጂኤንኤ ይባላል። የሌሊት ፈረቃ እየሠራሁ ማስተርሴን ጨርሼ አሁን በቤታቸው ለሚኖሩ አረጋውያን አገልግሎት በሚያቀናጅ ድርጅት ውስጥ ኬዝ ማናጀር ነኝ። እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ምን ትማራላችሁ?

አረጋውያንን ማከም የሐኪሞችና የነርሶች ሙያ ነው፤ ጄሪያትሪክስ ይሉታል። ጄሮንቶሎጂ የሚያጠናው እርጅናን ራሱን ነው፦ ሰውነት እንዴት እንደሚያረጅ፣ አእምሮ እንዴት እንደሚለወጥ፣ ቤተሰብ፣ ገንዘብ፣ መኖሪያ ቤትና ሕግ በአንድ አረጋዊ ሕይወት ላይ ምን እንደሚያደርጉ። ማስተርሱ አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 36 ክሬዲት ነው። የእርጅና ባዮሎጂ፣ ሳይኮሎጂ፣ የማኅበራዊ ፖሊሲ፣ የምርምር ዘዴና የተግባር ልምምድ በሁሉም ቦታ ማለት ይቻላል አሉ።

በአልጋ ዳር ለሠራ ሰው ትምህርቱ ባዕድ አይደለም። ሲድኒ ካትዝ የተባለ ሐኪምና ባልደረቦቹ በ1963 ያሳተሙት መለኪያ አንድ ሰው ስድስት ነገሮችን ያለ ሌላ ሰው እርዳታ ይሠራ እንደሆነ ይጠይቃል፦ ገላ መታጠብ፣ መልበስ፣ መጸዳጃ ቤት መሄድ፣ ከአልጋ ተነሥቶ ወንበር ላይ መቀመጥ፣ ሽንትና ሰገራን መቆጣጠር፣ መመገብ። ይህን ሳነብ በየሌሊቱ የምሠራው ሥራ በሙሉ በአንድ ገጽ ላይ ተጽፎ አገኘሁት። ከዚያም ያ ገጽ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ገባኝ። የረጅም ጊዜ እንክብካቤ ኢንሹራንስ የገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ክፍያ የሚጀመርለት ከእነዚህ ስድስት ቢያንስ ሁለቱን ያለ እርዳታ ማድረግ ሲያቅተው ነው። ሜዲኬይድም፣ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚከፍለው የመንግሥት የጤና ሽፋን፣ ለአንድ እናት ቤታቸው ድረስ ረዳት ይላክላቸው አይላክላቸው ሲወስን እነዚህኑ ጥያቄዎች ይጠይቃል። ረዳቷ «ዛሬ በሁለት ሰው እርዳታ ተነሡ» ብላ የምትሞላው መስመር ወዴት እንደሚሄድ የሚያሳየው ይህ ትምህርት ነው።

የአካባቢያችን ታሪክም አለበት። በዕድሜ ምክንያት የሚደረግ መድልዎን በ1969 «ኤጂዝም» ብሎ የሰየመው ሮበርት በትለር የተባለ የአእምሮ ሐኪም ነው። ነገሩን ያነሣው እዚሁ በዋሽንግተን ዳርቻ፣ በቼቪ ቼዝ፣ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አረጋውያን ሊሰጥ የታሰበን ሕንፃ የሰፈሩ ነዋሪዎች አጥብቀው ሲቃወሙ አይቶ ነው። በኋላም የብሔራዊው የእርጅና ኢንስቲትዩት የመጀመሪያ ዳይሬክተር ሆኗል። ባልቲሞር ውስጥ ደግሞ በ1958 የተጀመረ፣ ሰዎች እያረጁ ሲሄዱ ለአሥርት ዓመታት የሚከታተል ጥናት እስከ ዛሬ ይካሄዳል፤ ሴቶችን ማካተት የጀመረው ግን በ1978 ነው። ስለ እርጅና እናውቃለን ከምንለው ብዙው በማን ላይ ተጠንቶ እንደተገኘ መጠየቅን የተማርኩት ከዚህ ነው።

ሥራውን አስቀድሙ፣ ትምህርት ቤቱ ይከተላል

ከሁሉ በላይ እንድታስተውሉት የምፈልገው ይህን ነው፦ የጄሮንቶሎጂ ዲግሪ በራሱ የሙያ ፈቃድ አያሰጥም። ነርስ አያደርግም፤ ፈቃድ ያለው ሶሻል ወርከርም አያደርግም፤ ለዚያ ዕውቅና ካለው ፕሮግራም የሶሻል ወርክ ዲግሪ ያስፈልጋል። ይህን ሳያውቁ ገብተው በምረቃ ማግስት የሚደነግጡ አሉ። ዲግሪው ኃይል የሚያገኘው ከአንድ የተወሰነ የሥራ ቦታ ጋር ሲገናኝ ነው። ስለዚህ ማመልከቻ ከመሙላታችሁ በፊት ልትይዙት የምትፈልጉትን ሥራ በስሙ ለዩት። የቅጥር ማስታወቂያዎችን ሰብስቡ፤ የሚጠይቁትን ልምድና ፈቃድ አስምሩበት፤ ከዚያ ያንን የሚያሟላላችሁን ፕሮግራም ፈልጉ።

ዋና ዋናዎቹን የሥራ ቦታዎች ልንገራችሁ።

የነርሲንግ ሆም አስተዳዳሪነት ፈቃድ ይጠይቃል፤ ፈቃዱን የሚሰጠው እያንዳንዱ ስቴት ነው። ናብ የሚባለውን አገር አቀፍ ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል፤ በአብዛኞቹ ስቴቶችም ልምድ ባለው አስተዳዳሪ ሥር ረዘም ያለ የሥራ ላይ ሥልጠና መውሰድ ግዴታ ነው። የሥልጠናው ሰዓት ከስቴት ስቴት ይለያያል። ይህን መንገድ ከመረጣችሁ በፋይናንስ፣ በሰው ኃይልና በደንብ ላይ የሚያተኩር፣ ሥልጠናውንም ከልምምዱ ጋር የሚያያይዝ ፕሮግራም ምረጡ። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ እንዳወጣው በ2023 የጤና አገልግሎት ሥራ አስኪያጆች መካከለኛ የዓመት ደመወዝ 110,680 ዶላር ነበር፤ የቤት ለቤት ጤናና የግል እንክብካቤ ረዳቶች ደግሞ 33,530 ዶላር። የመጀመሪያው አኃዝ የሆስፒታል ኃላፊዎችንም ስለሚያጠቃልል በተመረቃችሁ ዓመት የምታገኙት እንዳይመስላችሁ።

በነርሲንግ ሆም ውስጥ ያለው የማኅበራዊ አገልግሎት ክፍል ሌላው በር ነው፤ ብዙ ሰው ግን አያውቀውም። ከ120 አልጋ በላይ ያለው ነርሲንግ ሆም የሙሉ ጊዜ ሶሻል ወርከር እንዲኖረው የፌዴራል ደንብ ያስገድዳል። ደንቡ ለዚህ ቦታ የሚጠይቀው በሶሻል ወርክ፣ ወይም እንደ ሶሲዮሎጂ፣ ሳይኮሎጂና ጄሮንቶሎጂ ባሉ የሰብአዊ አገልግሎት መስኮች ቢያንስ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ በዚያም ላይ በጤና ተቋም ውስጥ በባለሙያ ክትትል ሥር የተሠራ የአንድ ዓመት የሶሻል ወርክ ልምድ ነው። ስቴቶች ከዚህ የጠበቀ መስፈርት ማውጣት ስለሚችሉ የራሳችሁን ስቴት ሕግ ተመልከቱ።

አሲስትድ ሊቪንግ፣ ማለትም አረጋውያን በየዕለቱ እየታገዙ የሚኖሩበት ቤት፣ ለእኛ ሰው ቅርብ ነው፤ በሜሪላንድ መኖሪያ ቤቶችን ወደ አነስተኛ የአረጋውያን ማቆያ ቀይረው የሚያስተዳድሩ ኢትዮጵያውያን አሉ። በሜሪላንድ አምስትና ከዚያ በላይ አልጋ ያለውን ቤት የሚመራ ሰው የ80 ሰዓት የሥራ አስኪያጅ ሥልጠና መውሰድ አለበት። ቤቱን ለመክፈት ማስተርስ አያስፈልግም። ትልቅ ድርጅት ውስጥ የመርሳት በሽታ ላለባቸው ሰዎች የተለየውን ክፍል ለመምራት ወይም ብዙ ቤቶችን ለመቆጣጠር ግን ዲግሪው ከሌላው አመልካች ያስቀድማችኋል።

ከዚያ በቤታቸው ከሚኖሩት ጋር የሚሠራው ዘርፍ አለ፤ የእኔም ይኸው ነው። በ1965 የወጣው የአረጋውያን አሜሪካውያን ሕግ፣ በኋላም በ1973 የተደረገበት ማሻሻያ፣ በየአካባቢው የአረጋውያን ጉዳይ ቢሮዎች እንዲቋቋሙ አደረገ፤ በመላ አገሪቱ ከ600 በላይ ናቸው። ለአረጋውያን ምግብ እስከ ቤታቸው ድረስ የሚያደርሱ፣ ተንከባካቢ ቤተሰቦችን የሚያግዙ፣ ሜዲኬር ስለሚባለው የአረጋውያን የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ ምክር የሚሰጡ ፕሮግራሞች በእነዚህ ቢሮዎች በኩል ያልፋሉ። የአረጋውያን የቀን ማዕከላት፣ ለአረጋውያን በተሠሩ አፓርታማዎች ያሉ የአገልግሎት አስተባባሪዎች፣ ዕድሜያቸው 55 እና ከዚያ በላይ ሆኖ የነርሲንግ ሆም ደረጃ እንክብካቤ የሚያስፈልጋቸውን በቤታቸው የሚያቆየው ፔስ የተባለው ፕሮግራምም የጄሮንቶሎጂ ምሩቃንን ይቀጥራሉ። የፔስ አመጣጥ ራሱ ለስደተኛ ማኅበረሰብ ትምህርት ነው፤ መነሻው በ1970ዎቹ መጀመሪያ በሳን ፍራንሲስኮ ቻይናታውን ውስጥ ወላጆቻቸውን ባዕድ ተቋም ማስገባት ያልፈለጉ ሰዎች ያቋቋሙት ኦን ሎክ የተባለ ድርጅት ነው።

ዲግሪው ጠረጴዛው ላይ ምን ይለውጣል

አንድ ነገር በዝርዝር ላሳያችሁ። ተማሪ ሆኜ ልምምድ በምሠራበት ነርሲንግ ሆም ዕድሜያቸው ከ80 ያለፈ አንዲት ኢትዮጵያዊት እናት ነበሩ። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነው። መዝገባቸው ላይ «ቁርስ አይቀበሉም፣ ክብደታቸው እየቀነሰ ነው፣ ሲመገቡ ያለቅሳሉ» የሚል ተጽፎ በስብሰባው ላይ የምግብ ፍላጎት ስለሚጨምር መድኃኒትና ስለ ድብርት ምርመራ ይነጋገራሉ። ለቁርስ የሚቀርብላቸው እንቁላልና ወተት ነው። ሌሊቱን አብራቸው የምታድረው ረዳት የእኛው ልጅ ነበረች፤ እማማ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እህል እንደማይቀምሱ፣ ከሰዓት በኋላ ልጃቸው በሳህን ሸፍና የምታመጣውን ምስር ጠርገው እንደሚበሉ ታውቃለች። እርሷን ግን ማንም አልጠየቃትም።

የፌዴራሉ ደንብ የእንክብካቤ ዕቅድ የሚያወጣው ቡድን ውስጥ ሐኪሙ፣ ኃላፊነት ያለባት ነርስ፣ የምግብ ክፍሉ ተወካይ፣ ደግሞም ያንን ሰው የምትንከባከበው የነርስ ረዳት እንዲኖሩ ያዛል። ይህን በክፍል ተምሬው ስለነበር በአክብሮት አነሣሁት። ረዳቷ በማግሥቱ ከፈረቃዋ መውጫ ላይ ተጠርታ አምስት ደቂቃ ያህል ተናገረች። የምግብ ባለሙያዋ ዋናውን ምግብ ወደ ከሰዓት በኋላ አዛወረችው፤ ነርሷ የስኳር መድኃኒቱን ሰዓት ከሐኪሙ ጋር አስተካከለች፤ ልጃቸው የንስሐ አባታቸውን በስልክ አገናኘቻቸው። አባም ሕመምተኛ መሆናቸውን ጠቅሰው ጠዋት እህል እንዲቀምሱ አዘዟቸው። እማማ ሰዓቱን እሺ አሉ፤ እንቁላሉን ግን እምቢ እንዳሉ ቀሩ። ጠዋት አጥሚት በውኃ ተሠርቶ ይቀርብላቸው ጀመር። የምግብ ፍላጎት መድኃኒቱም የድብርት ምርመራውም ዕቅዱ ውስጥ አልገቡም።

ረዳቷ ታውቅ የነበረውን እኔም ረዳት ሳለሁ ዐውቀው ነበር። የጨመርኩት ደንቡን፣ የስብሰባውን ቋንቋና በዚያ ወንበር ላይ የመቀመጥ መብትን ነው።

ትምህርት ቤት መምረጥ

ለዲሲ አካባቢ ነዋሪ ሁለት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቅርብ ናቸው። በባልቲሞር ካውንቲ የሚገኘው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ዩኤምቢሲ፣ በኤሪክሰን ትምህርት ቤቱ በኩል በአረጋውያን አገልግሎት አስተዳደር ማስተርስ ይሰጣል። ሪችመንድ ያለው የቨርጂኒያ ኮመንዌልዝ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ራሱን የቻለ የጄሮንቶሎጂ ክፍል አለው። ራቅ ብላችሁ በኢንተርኔት መማር ከፈለጋችሁ የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የቦስተን ካምፓስና በ1975 የተመሠረተው የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሊዮናርድ ዴቪስ ትምህርት ቤት ይታወቃሉ። የኋለኛው ስሙ የገነነ ነው፤ የግል ስለሆነ ክፍያውም እንደዚያው ነው። የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ በአካባቢያችሁ ልትሠሩ ከሆነ በአካባቢያችሁ ካሉ ቀጣሪዎች ጋር የልምምድ ውል ያለው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከሩቅ ዝነኛ ስም ይሻላችኋል።

ለፕሮግራሙ ኃላፊ ኢሜይል ጽፋችሁ ጠይቁ። ባለፈው ዓመት የተመረቁት የት ተቀጠሩ? የልምምድ ቦታ የሚፈልገው ተማሪው ነው ወይስ ትምህርት ቤቱ? ሌሊት የሚሠራ ሰው ትምህርቱን መከታተል ይችላል? ለመጀመሪያው ጥያቄ ዙሪያ ጥምጥም የሚመልስላችሁን ፕሮግራም ተዉት። ዩኒቨርሲቲው ዕውቅና ያለው መሆኑን በአሜሪካ የትምህርት ሚኒስቴር ድረ ገጽ ላይ አረጋግጡ፤ በስልክ እየወተወተ «ዛሬውኑ ተመዝገቡ» የሚል ትምህርት ቤት ካጋጠማችሁ ስልኩን ዝጉት።

እርግጠኛ ካልሆናችሁ በሰርተፍኬት ጀምሩ። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ጥቂት ኮርሶች ያሉት የድኅረ ምረቃ ሰርተፍኬት አላቸው፤ በኋላ ማስተርሱን ብትቀጥሉ ክሬዲቱ ይቆጠርላችሁ እንደሆነ በጽሑፍ አስመልሱ። ሕክምናን በሚመለከት ሥራ ላይ መቆየት የምትፈልጉ ነርሶችና ፈቃድ ያላችሁ ሶሻል ወርከሮች ሰርተፍኬቱ ብቻ ሊበቃችሁ ይችላል።

ማመልከቻው

መጀመሪያ የአገር ቤቱን ትራንስክሪፕት ጀምሩ፤ ከሁሉ የሚዘገየው እርሱ ነው። ዩኒቨርሲቲያችሁ ማስረጃውን በቀጥታ፣ የውጭ አገር ዲግሪን ከአሜሪካው ጋር ወደሚያነጻጽረው ገምጋሚ ድርጅት እንዲልክ ይጠየቃል። ስለዚህ አዲስ አበባ፣ ጎንደር ወይም ሐዋሳ ያለ ወንድም ወይም የቅርብ ዘመድ በውክልና ሬጅስትራር ቢሮ ድረስ ሄዶ እንዲከታተል አድርጉ። ደብልዩኢኤስን የመሰሉ ገምጋሚዎች ሁለት ዓይነት ግምገማ አላቸው፤ ለማስተርስ የሚያስፈልጋችሁ አብዛኛውን ጊዜ እያንዳንዱን ኮርስ በውጤቱ የሚዘረዝረው ነው። ርካሹን ከፍላችሁ ሁለተኛ እንዳትከፍሉ የዩኒቨርሲቲውን መስፈርት አስቀድማችሁ አንብቡ። ጂአርኢ የሚባለውን ፈተና አሁን ብዙ ፕሮግራሞች አይጠይቁም።

የዓላማ መግለጫው ላይ ጊዜ ውሰዱ። የእኛ ሰው እዚህ ላይ ራሱን ያሳንሳል። «ከልጅነቴ ጀምሮ አረጋውያንን እወዳለሁ፤ በባህላችን ሽማግሌ ይከበራል» ብሎ የሚጀምር ጽሑፍ እውነት ቢሆንም ስለ ጸሐፊው ምንም አይናገርም። በምትኩ ያያችሁትን አንድ ነገር ጻፉ። «የመርሳት በሽታ ባለበት ክፍል የሌሊት ፈረቃ ስሠራ፣ ሁለተኛ ቋንቋቸው የጠፋባቸው አንድ አዛውንት በአማርኛ ሕመማቸውን ሲናገሩ መዝገቡ ላይ ‹ይጮኻሉ› ተብሎ ሲጻፍ አየሁ። የቋንቋ አገልግሎት በነርሲንግ ሆሞች እንዴት እንደሚደራጅ ማጥናት እፈልጋለሁ።» እንዲህ የምትጽፍ አመልካች የምታየውን የምታውቅ፣ የምትጠይቀውንም የያዘች ሰው ናት። የድጋፍ ደብዳቤ አንዱን ከነርሲንግ ዳይሬክተሯ ወይም ሥራችሁን በዓይኗ ካየች ነርስ ጠይቁ።

ገንዘቡ

ፔል የሚባለው የፌዴራል እርዳታ ለማስተርስ አይሰጥም። በፌዴራል ብድር የድኅረ ምረቃ ተማሪ በዓመት እስከ 20,500 ዶላር መበደር ይችላል፤ ከዚያ በላይ ይሰጥ የነበረው ግራድ ፕላስ የተባለው ብድር ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪዎች እንዲቀር በ2025 ሕግ ወጥቷል። እኔ ግን ወደ ብድሩ ከመሄዳችሁ በፊት የቀጣሪያችሁን የሰው ኃይል ክፍል አነጋግሩ እላለሁ። ቀጣሪ ለሠራተኛው የሚከፍለው የትምህርት ድጋፍ በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ድረስ ከገቢ ግብር ነፃ ነው። ብዙ ትልልቅ ነርሲንግ ሆሞችና ሆስፒታሎች ይህ ድጋፍ አላቸው፤ ረዳቶች ግን ለነርሶች ብቻ የተፈቀደ ስለሚመስላቸው አይጠይቁም። በሴሚስተር ሁለት ኮርስ እየወሰዳችሁ፣ ግማሹን ቀጣሪ፣ ግማሹን እቁብ እየሸፈነው መጨረስ ይቻላል። እኔ ዕጣዬን ከሴሚስተሩ ክፍያ ጋር እንዲገጥም ከእቁቡ ሰብሳቢ ጋር ተነጋግሬ አስተካክያለሁ፤ የእቁቡ እናቶችም ደስ ብሏቸው ተስማሙ።

ከተመረቃችሁ በኋላ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም ለትርፍ ባልቆመ ድርጅት የሙሉ ጊዜ ሥራ ከያዛችሁ መስፈርቱን የሚያሟሉ 120 ወርኃዊ ክፍያዎችን ስትጨርሱ የቀረው የፌዴራል ብድር የሚሰረዝበት ሕግ አለ። የአረጋውያን ጉዳይ ቢሮዎች አብዛኞቹ በዚህ ሥር ስለሚገቡ ሥራ ስትመርጡ ቁጠሩት።

አንድ ከባድ ነገር ግን ከቤተሰብ ጋር ተነጋገሩበት። የመጀመሪያው የጽሕፈት ቤት ሥራ ደመወዝ ድርብ ፈረቃ እየሠራ ከሚገኘው የትርፍ ሰዓት ገቢ ሊያንስ ይችላል። አገር ቤት ለወላጆች በየወሩ የምትልኩ ከሆነ ይህን አስቀድማችሁ አስሉ፤ ለሽግግሩ ዓመት የሚሆን ቁጠባ ያዙ። ጀርባ ግን እስከ 60 ዓመት ድረስ ሰው አያነሣም። የሥራ ባልደረቦቼ ወገባቸውን ሲታመሙ አይቻለሁ፤ ስለዚህ ትርፍ ሰዓቱን ብቻ አይቶ የሚወስን ሰው ሒሳቡን ግማሽ ብቻ ሠርቷል ባይ ነኝ።

ልምምዱና ቅጥሩ

ልምምዳችሁን አሁን በምትሠሩበት ክፍል፣ አሁን በምትሠሩት ሥራ አታድርጉት። በረዳትነት የሠራችሁ ከሆነ ወደ ቢሮ ሥራ ግቡ፤ የምታውቁት ነርሲንግ ሆም ከሆነ የካውንቲ ቢሮ ወይም የቀን ማዕከል ሞክሩ። ከመጀመራችሁ በፊት ከተቆጣጣሪያችሁ ጋር አንድ በእጅ የሚጨበጥ ውጤት ተስማሙ፦ የቤተሰብ መመሪያ፣ የመውደቅ አደጋዎችን የሚያሳይ ሠንጠረዥ፣ ወይም ለአማርኛ ተናጋሪ ቤተሰቦች የሜዲኬር ማብራሪያ ስብሰባ። ለቃለ መጠይቅ ስትሄዱ ይዛችሁት የምትገቡት እርሱን ነው።

የበጎ ፈቃድ ሥራም በር ይከፍታል። በየስቴቱ የነርሲንግ ሆም ነዋሪዎችን አቤቱታ የሚከታተለው የኦምቡድስማን ፕሮግራምና ነፃ የሜዲኬር ምክር የሚሰጠው ሺፕ በጎ ፈቃደኞችን አሠልጥነው ያሰማራሉ። በትምህርት ላይ እያላችሁ ከሁለቱ አንዱን ብትይዙ የሥርዓቱን የውስጥ አሠራር ታውቃላችሁ፤ የሚቀጥሯችሁንም ሰዎች ታገኛላችሁ።

አማርኛችሁን በማመልከቻችሁ ግርጌ በአንድ መስመር አትወርውሩት። በ2004 የወጣው የዲሲ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ዋና ዋና ሰነዶች ከሚተረጎሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው፤ ቢሮዎቹ አማርኛ የሚችል ባለሙያ ያስፈልጋቸዋል። በአማርኛ ምን እንደምትሠሩ ጻፉ፦ የቤት ጉብኝት፣ የብቃት ግምገማ፣ የቤተሰብ ስብሰባ። የረዳትነት ልምዳችሁንም እንዲሁ ጻፉት፤ ስንት ነዋሪዎችን በአንድ ፈረቃ እንደያዛችሁ፣ የመርሳት በሽታ ካለባቸው ጋር ስንት ዓመት እንደሠራችሁ፣ አዲስ ረዳቶችን አሠልጥናችሁ እንደሆነ።

በቃለ መጠይቅ ላይ ስለ ክፍያ መጠየቃችሁ አይቀርም፤ ቤተሰቦችም አዘውትረው የሚጠይቁት ይህንኑ ነው። ሜዲኬር የነርሲንግ ሆም ቆይታን የሚሸፍነው የባለሙያ ሕክምና ሲያስፈልግ በአንድ የጥቅም ጊዜ (ሜዲኬር ሽፋኑን በሚቆጥርበት ዙር) ውስጥ እስከ 100 ቀን ብቻ ነው። በመደበኛው ሜዲኬር ከዚያ በፊት ቢያንስ ሦስት ቀን በሆስፒታል ተኝቶ መታከም ይጠየቃል። የመጀመሪያዎቹን 20 ቀናት ሙሉ በሙሉ ይከፍላል፤ ከ21ኛው ቀን ጀምሮ ታካሚው በየቀኑ ድርሻውን ያዋጣል። ለዘለቄታው ለሚኖር ሰው የሚከፍለው ሜዲኬይድ ነው፤ እርሱም ጥሪት ለተሟጠጠበት ነው፤ ባለፉት አምስት ዓመታት ለልጅ በስጦታ የተላለፈ ቤት ወይም ገንዘብ ካለም በአብዛኛው ይጠይቃል። ይህን ለአንድ የተጨነቀ ልጅ በሁለት ደቂቃ፣ ሳያስደነግጥ ማስረዳት ተለማመዱ፤ በአማርኛም በእንግሊዝኛም።

የመጀመሪያውን ሥራ ስትይዙ የተቆጣጣሪያችሁን ሙሉ ስም፣ የሠራችሁትን ሰዓትና የሥራ ዝርዝር በየወሩ መዝግባችሁ አስፈርሙ። ነገ የአስተዳዳሪነት ፈቃድ ወይም የማኅበራዊ አገልግሎት ኃላፊነት ስትጠይቁ ያ የአንድ ዓመት ልምድ በወረቀት ይፈለጋል፤ ተቆጣጣሪዎች ደግሞ ቶሎ ቶሎ ሥራ ይቀይራሉ።